ከ4.7 ወደ 3.54፦ በላንድሮቨር አክስል ውስጥ ያለፈ የአንድ ቁጥር ታሪክ

በአሮጌ ላንድሮቨር የኋላ አክስል መካከል በሚገኘው ክብ ቤት ውስጥ ሁለት ጥርሳም ብረቶች ተናክሰው ይኖራሉ። አንደኛው ከካምቢዮ በሚመጣው ዘንግ ጫፍ ላይ የተተከለው ትንሹ ፒኞን ሲሆን፣ ሁለተኛው ጎማዎቹን የሚያዞረው ትልቁ ኮሮና ነው። ትንሹ 4.7 ጊዜ ሲዞር ትልቁ አንድ ጊዜ ብቻ ይዞራል። ይህ ቁጥር ለሾፌሩ ዓይን የተሰወረ ነው፤ በፊቱ ባለው ሰሌዳ ላይም አልተጻፈም። ሆኖም መኪናው በሜዳ ላይ ምን ያህል እንደሚፈጥን፣ ሞተሩ ምን ያህል እንደሚጮኽ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጭነት ይዞ ቁልቁለት ሲወርድ ምን ያህል ራሱን እንደሚገታ በመወሰን ረገድ ትልቅ ድርሻ ያለው እርሱ ነው።

ጥርሱ ያለቀ ዲፍሬንሻል ወደ ጋራዥ በገባ ቁጥር የሚነሣው ጥያቄም ከዚሁ የመነጨ ነው። የነበረው ቁጥር ይመለስ፣ ወይስ በሌላ ይተካ? በ1970 በእንግሊዝ አገር ሬንጅሮቨር የተባለው መኪና 3.54 ምጥጥን ያለው አክስል ይዞ ከወጣ በኋላ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ጥያቄው ይበልጥ ፈታኝ ሆነ። የአዲሱ መኪና የዲፍሬንሻል ክፍል በአሮጌው ላንድሮቨር አክስል ላይ ያለ ብዙ ድካም ሊገጠም በመቻሉ፣ ብዙ ባለንብረቶች ፍጥነትን በርካሽ ያገኙ መስሏቸው 4.7ቱን አውጥተው 3.54ቱን አስገቡ። ያገኙት ፍጥነት እውነተኛ ነበር። የከፈሉት ዋጋ ግን ብዙ ጊዜ የታወቀው ዘግይቶ፣ ይኸውም ከዳገትና ከቁልቁለት ላይ ነበር። የዚህ ቁጥር ታሪክ የሚያስተምረው አንድ ነገር ቢኖር፣ የአክስል ምጥጥን ከካምቢዮው፣ ከጎማው፣ ከፍሬኑና ከሚሄድበት አገር ተነጥሎ ሊመረጥ የማይችል መሆኑን ነው።

የቁጥሩ ትርጉም

የጥርስ ምጥጥን ለሞተሩ አዲስ ጉልበት አይጨምርለትም። የሚያደርገው ነገር ቢኖር ፍጥነትን ወስዶ የጥምዘዛ ኃይልን፣ ወይም የጥምዘዛ ኃይልን ወስዶ ፍጥነትን መስጠት ነው። ፒኞኑ 8፣ ኮሮናው 43 ጥርሶች ያሉት እንደሆነ ምጥጥኑ 43 ለ8፣ ማለትም በግምት 5.38 ይሆናል። በዚህ ጊዜ ወደ ጎማው የሚደርሰው የጥምዘዛ ኃይል 5.38 ጊዜ ሲበዛ፣ የመዞሪያው ፍጥነት በዚያው መጠን ይቀንሳል። በሰበቃ የሚባክነው ሳይቆጠር፣ በአንድ በኩል የተገኘው ሁሉ በሌላው በኩል የተከፈለ ነው።

በአራት ጎማ በሚነዳ የሥራ መኪና ላይ ግን ይህ ቁጥር ብቻውን አይሠራም። ከሞተሩ የሚነሣው ኃይል በመጀመሪያ በዋናው ካምቢዮ፣ ቀጥሎ ኃይሉን ለፊትና ለኋላ በሚያከፋፍለው ረዳት ካምቢዮ፣ በመጨረሻም በአክስሉ ያልፋል። ረዳቱ ካምቢዮ ደግሞ ሁለት ደረጃዎች አሉት። አንደኛው ለተራ መንገድ የሚያገለግለው ከፍተኛው ሲሆን፣ ሁለተኛው ሾፌሮች ሪዶታ የሚሉት ዝቅተኛው ነው። የመኪናው እውነተኛ ጠባይ የሚታወቀው ሦስቱ ምጥጥኖች ተባዝተው በሚሰጡት ድምር ውጤት ነው። ከሦስቱ አንዱን ብቻ ነጥሎ መመልከት ከአንድ ዓረፍተ ነገር አንድ ቃል ነጥሎ እንደ ማንበብ ይቆጠራል።

ከጦር ሜዳ ወደ እርሻ

ይህንን ነገር በግልጽ የሚያሳየው የአሜሪካው ጂፕ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዊሊስ ኦቨርላንድና ፎርድ ከ600,000 በላይ ሠርተው ያወጡት ይህ መኪና 2.2 ሊትር የሚይዝ፣ 60 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ነበረው። የአክስሉ ምጥጥን 4.88፣ የሪዶታው 1.97፣ የአንደኛ ማርሹ 2.665 ሲሆን፣ ሦስቱ ሲባዙ 25.6 ይሆናሉ። ለወታደር ይህ በቂ ነበር። ወታደራዊው ጂፕ የሚፈለገው ቀላል ጭነት ይዞ በፍጥነት እንዲሄድ፣ ጭቃና አሸዋ ሲያጋጥመው ደግሞ ራሱን እንዲያወጣ ነበርና።

በ1945 ጦርነቱ ሲያበቃ ዊሊስ ያንኑ ዓይነት ሞተር ይዞ ሲጄ 2ኤ የተባለውን የሲቪል ጂፕ ለገበሬዎች አቀረበ። የመኪናው መልክ እምብዛም አልተለወጠም፤ የውስጡ ቁጥሮች ግን ሁሉም ተለውጠው ነበር። አክስሉ ከ4.88 ወደ 5.38፣ አንደኛ ማርሹ ወደ 2.8 ገደማ፣ ሪዶታውም ከ2.4 በላይ ከፍ ብለው ጠቅላላው ውጤት ከ25.6 ወደ 36 ተሻገረ። ምክንያቱም ገበሬው ከመኪናው የሚሻው ማረሻ እየጎተተ በሰው እርምጃ ፍጥነት ሳያቋርጥ እንዲሄድለት ነበር። የሞተሩ ጉልበት ሳይጨምር ሥራው ስለ ተለወጠ ብቻ ምጥጥኑ ተለወጠ። መሐንዲሶቹ አንዱን ቁጥር ብቻ ለውጠው አለመተዋቸው፣ ሦስቱንም አንድ ላይ ማስላታቸው ልብ ሊባል የሚገባው ነው።

የ4.7 ዘመን

በእንግሊዝ አገር የሮቨር ኩባንያ ዋና መሐንዲስ የነበረው ሞሪስ ዊልክስ በአንግልሲ ደሴት ባለው እርሻው ላይ ከጦርነት የተረፈ ጂፕ ይነዳ ነበር። ያ ጂፕ ሲያረጅ በምን እንደሚተካ ከማሰብ የተነሣ በ1947 ሥራው ተጀመረ፤ ላንድሮቨርም ሚያዝያ 30 ቀን 1948 በአምስተርዳም የመኪና ትርኢት ላይ ለሕዝብ ቀረበ። በዚያን ጊዜ ብረት በብሪታንያ በኮታ የሚታደል ስለ ነበር አካሉ በአብዛኛው ከአልሙኒየም ቅይጥ ተሠራ። አዲሱ መኪና በእርሻ፣ በጫካና በቅኝ ግዛት መንገዶች ላይ እንዲያገለግል ታስቦ የተሠራ ነበር፤ ከጊዜ በኋላ ለረጅም ዘመን የሚታወቅበት የአክስል ምጥጥንም 4.7 ሆነ።

መሐንዲሶቹ ለዚህ ቁጥርና ለአጋሮቹ ምን ያህል ይጠነቀቁ እንደ ነበር የሚያስረዳ አንድ ማስረጃ አለ። በ1958 በወጣው ሲሪስ ሁለት አንደኛ ማርሹ 2.996፣ ሪዶታው 2.888 ነበር። እነዚህ ከ4.7 ጋር ሲባዙ 40.7 ይሰጣሉ። በ1971 በወጣው ሲሪስ ሦስት ደግሞ አንደኛ ማርሹ 3.68፣ ሪዶታው 2.35 ነው። ሁለቱም ቁጥሮች ተለውጠዋል፤ ሆኖም ከ4.7 ጋር ሲባዙ ውጤቱ እንደገና ወደ 40.7 ገደማ ይመጣል። በአንድ ቦታ የተቀነሰው በሌላ ቦታ ተመልሷል ማለት ነው። ሁለት ትውልድ የተለያየ ካምቢዮ ሲጠቀም ከሥር ያለው የመጎተትና የመግታት ዐቅም ሳይነካ መቆየቱ የአጋጣሚ ነገር አይደለም።

40.7 በተግባር ሲታይ የሚከተለውን ይመስላል። 7.50 በ16 የሚባለው ጎማ አንድ ጊዜ ሲዞር በግምት 2.45 ሜትር ይጓዛል። ሞተሩ በደቂቃ 1,000 ጊዜ ሲዞር በሪዶታ አንደኛ ማርሽ ላይ ያለ መኪና በሰዓት 3.6 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ይህም ጭነት የተሸከመ ሰው በእርጋታ ከሚራመደው እርምጃ ጋር እኩል ነው። ሾፌሩ ድንጋይ በበዛበት ቁልቁለት ላይ እግሩን ከፍሬን አንሥቶ ሞተሩ ራሱ መኪናውን እንዲይዝለት ሊተው የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

የዚህ ጥቅም ዋጋ የሚከፈለው ደግሞ በጥርጊያና በአስፋልት መንገድ ላይ ነው። በከፍተኛው ደረጃ የረዳት ካምቢዮው ምጥጥን 1.148 በመሆኑ፣ በአራተኛ ማርሽ ላይ ጠቅላላው 5.4 ይሆናል። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር መኪናው የሚሄደው በሰዓት 82 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ሲነዳ ጩኸቱ ይበረታል፤ ሞተሩም ያለ ዕረፍት ይደክማል።

የመንገዱ መለወጥ

የብሪታንያ መንገዶች ይህንን ድካም እያጎሉት ሄዱ። ኤም 1 የተባለው ፈጣን አውራ ጎዳና በ1959 ተከፈተ። በ1965 በሙከራ የታወጀው በሰዓት 112 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነው የፍጥነት ወሰን በ1967 ቋሚ ሆነ። በእርሻ ላይ የተወለደው መኪና ከእርሻው ወጥቶ ረጅም አስፋልት ላይ ሲገባ፣ 4.7 የሚለው ቁጥር እንደ ሸክም መቆጠር ጀመረ።

በሰኔ ወር 1970 የወጣው ሬንጅሮቨር ለዚህ የተሰጠ መልስ ነበር። ባለ 3.5 ሊትርና ባለ 8 ሲሊንደር የሆነው ሞተሩ ከላንድሮቨሩ ባለ 2.25 ሊትር ሞተር እጅግ የበረታ በመሆኑ አክስሉ 3.54 እንዲሆን ተደረገ። ሆኖም ብዙዎች ያላስተዋሉት ነገር ከዚህ ቀጥሎ ይገኛል። የሬንጅሮቨር አንደኛ ማርሽ 4.069፣ ሪዶታው ደግሞ 3.321 ነበር። ሦስቱ ሲባዙ 47.8 ይሆናሉ። ፈጣኑን አክስል የያዘው አዲሱ መኪና በዝቅተኛው ማርሽ ከአሮጌው ላንድሮቨር የበለጠ ጠንክሮ የሚጎትትና የሚገታ ነበር ማለት ነው። በዚህም ላይ አራቱም ጎማዎቹ የዲስክ ፍሬን ነበራቸው፤ የሲሪስ ላንድሮቨር ግን በአራቱም ጎማዎቹ የከበሮ ፍሬን የሚጠቀም ነበር።

ስለዚህ 3.54 በሬንጅሮቨር ውስጥ የአንድ ሙሉ ሐሳብ ክፍል ነበር። መሐንዲሶቹ ከአክስሉ የወሰዱትን በካምቢዮውና በሪዶታው ከነትርፉ መልሰዋል።

የመለዋወጡ ዘመን

ከአገልግሎት የወጡ ሬንጅሮቨሮች ወደ አሮጌ ዕቃ መሸጫዎች መግባት ሲጀምሩ የላንድሮቨር ባለቤቶች ዓይናቸውን ጣሉባቸው። የሁለቱ መኪናዎች የዲፍሬንሻል ክፍል ከአንድ ቤተሰብ የተገኘ በመሆኑ፣ በአጭሩ ባለ 88 ኢንች ላንድሮቨር ላይ ሥራው ቀላል ነበር። በረጅሙ ባለ 109 ኢንች ላይ ግን ጉዳዩ ይለያል። በሲሪስ ሦስት ዘመን የረጅሙ የኋላ አክስል ሶልስበሪ የተባለው ከባዱ ዓይነት ነበር፤ በእርሱም ላይ የሬንጅሮቨሩ ክፍል አይገጥምም። ይህንን ሳያጣሩ የፊቱን ብቻ ገዝተው የቀሩ፣ ወይም ሙሉ አክስል ለመፈለግ የተገደዱ ጥቂቶች አልነበሩም።

ለውጡ የሚያስገኘው ጥቅም በቁጥር ግልጽ ነው። በ3,000 ዙር በሰዓት 82 ኪሎ ሜትር ይሄድ የነበረው መኪና በዚያው ዙር 108 ያህል ይሄዳል። በተጨማሪም ለአንድ ዓይነት የሞተር ኃይል ወደ ጎማው ዘንጎች የሚደርሰው ጥምዘዛ በሩብ ያህል ስለሚቀንስ፣ የመሰበር ጠባይ የነበራቸው እነዚያ ዘንጎች ጥቂት ዕረፍት ያገኛሉ። እነዚህን ሁለት ጥቅሞች መካድ አይገባም።

ጉዳቱም እንደዚሁ በቁጥር ይገለጻል። በሲሪስ ሦስት ላይ 40.7 የነበረው ዝቅተኛው ውጤት ወደ 30.6 ይወርዳል። በ1,000 ዙር በሰዓት 3.6 ኪሎ ሜትር ይሄድ የነበረው አሁን 4.8 ይሄዳል። በከፍተኛው ደረጃ አንደኛ ማርሽ ላይ 19.9 የነበረው 15 ይሆናል፤ ስለዚህም ጭኖ ከዳገት ላይ የሚነሣ ሾፌር ፍሪሲዮኑን ረዘም ላለ ጊዜ ማንሸራተት ይኖርበታል፤ ፍሪሲዮኑም ቶሎ ያልቃል። በሦስተኛ ማርሽ ይወጣ የነበረውን ዳገት አዲሱ ሦስተኛ አይችለውም፤ ሁለተኛው ደግሞ ይዘገያል። የሚፈለገው ማርሽ በሁለቱ መካከል ጠፍቷልና።

ሌላው ስውር ጉዳት የፍጥነት መለኪያው ነው። በላንድሮቨር ላይ መለኪያው የሚነዳው ከረዳት ካምቢዮው መውጫ፣ ማለትም ከአክስሉ በፊት ነው። አክስሉ ሲለወጥ መለኪያው ለውጡን አያውቅም። ሰሌዳው ላይ 60 ሲያነብ መኪናው በእውነቱ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ያህል እየሄደ ነው። መለኪያውን ሳያስተካክል መኪናውን ለሌላ ሾፌር የሚያስረክብ መካኒክ በማያውቀው አደጋ ላይ አሳልፎ ይሰጠዋል።

በዚያው በ1970ዎቹ ፌሬይ የተባለው ኩባንያ ያቀረበው ኦቨርድራይቭ የተለየ መንገድ ነበር። ይህ ተጨማሪ የማርሽ ክፍል ከካምቢዮው በስተኋላ የሚገጠም ሲሆን ምጥጥኑ 0.782 ነበር። ሾፌሩ ሲፈልገው ያስገባዋል፤ በዚህም ጊዜ ለአንድ ዓይነት የሞተር ዙር የመኪናው ፍጥነት በ28 ከመቶ ገደማ ይጨምራል። ሳይፈልገው ሲቀር ያወጣዋል፤ 40.7ም ሙሉ በሙሉ ይመለሳል። ክፍሉ የሚገኘው ከረዳት ካምቢዮው በፊት በመሆኑ የፍጥነት መለኪያውም አይዋሽም። ዋጋው ከአሮጌ ዲፍሬንሻል የበለጠ፣ ዘይቱም ክትትል የሚሻ ቢሆንም፣ የሜዳውን ፍጥነት ለማግኘት የገደሉን ትዕግሥት አያስከፍልም።

የፋብሪካው የራሱ መልስ

የሶሊሁሉ ፋብሪካ ራሱ በኋላ የሠራው ሥራ ክርክሩን ይዘጋዋል ለማለት ይቻላል። በ1979 ላንድሮቨር ባለ 8 ሲሊንደር ሞተር ሲገባለት አክስሉ 3.54 ሆነ፤ ነገር ግን የገባለት የሬንጅሮቨሩ ካምቢዮ ከነሪዶታው ነበር። በ1983 የወጣውና በሽቦ ስፕሪንግ የተቀመጠው 110 ደግሞ አክስሉን ለሁሉም ሞተሮች 3.54 አደረገው። ባለ 4 ሲሊንደር ሞተር ላለው ዓይነት ግን የረዳት ካምቢዮው ከፍተኛ ደረጃ 1.667 ተደረገለት። 1.667 በ3.54 ሲባዛ 5.9 ይሰጣል፤ ይህም ከአሮጌው 5.4 እንኳ የበለጠ ነው። ሪዶታው 3.32፣ የባለ አምስት ማርሹ ካምቢዮ አንደኛ ደግሞ 3.585 በመሆኑ፣ ዝቅተኛው ጠቅላላ ውጤት ወደ 42 ገደማ ሆነ።

ከዚህ የሚታየው ነገር ትልቅ ትምህርት አለው። ፋብሪካው 4.7ን ትቶ 3.54ን ሲቀበል ደካማ ሞተር ላለው መኪና ያንኑ አሮጌ ጠባይ በሌላ በኩል መልሶለታል። ፍጥነቱን ያገኘው በአምስተኛው ማርሽ እንጂ ዝቅተኛውን በመሠዋት አይደለም። አክስሉን ብቻ የለወጠው ባለንብረት ግን የፋብሪካውን ውሳኔ ግማሹን ብቻ ወሰደ። ሁለተኛው ግማሽ በአሮጌ ዕቃ መሸጫው ቀረ።

በከፍተኛ ቦታዎች ላይ

ላንድሮቨር በኢትዮጵያ የገጠር መንገዶች ላይ ለብዙ ዓመታት ሰውና ዕቃ ያመላለሰ፣ ስሙም ከወረዳ ጉዞ ጋር የተሳሰረ መኪና ነው። ስለዚህ በእንግሊዝ ሜዳ የተደረገው ስሌት በዚህ አገር ሲደገም ሁለት ነገሮች ይጨመሩበታል።

አንደኛው የከፍታው ጉዳይ ነው። እንደ አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ቦታ ላይ አየሩ ስስ በመሆኑ፣ ተርቦ የሌለው ሞተር በባሕር ወለል ላይ ከሚሰጠው ኃይል ሩብ ያህሉን ያጣል። አክስሉን ከ4.7 ወደ 3.54 መለወጥም ወደ ጎማው ከሚደርሰው የጥምዘዛ ኃይል እንደገና ሩብ ያህል ይቀንሳል። ሁለቱ ሲደራረቡ ጎማው ላይ የሚቀረው በባሕር ወለል በ4.7 ይገኝ ከነበረው 56 ከመቶ ገደማ ብቻ ነው። በለንደን አካባቢ ተሞክሮ የተወደሰ ለውጥ በደጋ ላይ የሚያሳዝነው ስለዚህ ነው።

ሁለተኛው፣ ከመጀመሪያውም የከበደው፣ የቁልቁለቱ ጉዳይ ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርድ መኪና 1,400 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። 2,500 ኪሎ ግራም የሚመዝን ጭነት ያለበት መኪና በዚህ ቁልቁለት የሚለቀው ጉልበት ሲሰላ 34 ሚሊዮን ጁል ያህል ነው። ይህም በአንድ ሊትር ቤንዚን ውስጥ ካለው ሙቀት ጋር የሚቀራረብ ነው። ይህ ሙቀት የሆነ ቦታ መሄድ አለበት። ከፊሉን የመንገዱና የአየሩ መቋቋም ይወስደዋል፤ የቀረውን ወይ ሞተሩ ይይዘዋል፣ ወይ የፍሬን ከበሮዎቹ ይቀበሉታል። ከበሮዎቹ ሲግሉ ደግሞ የመያዝ ኃይላቸው ይደክማል፤ ሾፌሩ ፔዳሉን እየረገጠ መኪናው አልቆም የሚለውም ያን ጊዜ ነው።

በ3.54 አክስል ላይ ሞተሩ በጎማው ላይ የሚያሳርፈው የመግታት ኃይል በእያንዳንዱ ማርሽ በሩብ ያህል ያንሳል፤ በዚያው የሞተር ዙር የመኪናው ፍጥነት ግን በሲሶ ያህል ይበልጣል። ጥንቁቅ ሾፌር አንድ ማርሽ ዝቅ ብሎ ጉድለቱን ሊያካክስ ይችላል። ከአንደኛ በታች ግን ሌላ ማርሽ የለም። መኪናው ቀድሞ በሞተሩ ብቻ ይወርደው የነበረውን ቁልቁለት አሁን በፍሬን እየተረዳ ይወርደዋል፤ ፍሬኑ ደግሞ ያው አሮጌው የከበሮ ፍሬን ነው። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለው የአበው ብሂል ለዚህ የተነገረ ይመስላል።

የምርጫው ቅደም ተከተል

ከዚህ ሁሉ ታሪክ የሚወጣው የአመራረጥ ሥርዓት ከታች ወደ ላይ የሚሄድ ነው። በመጀመሪያ መኪናው የሚሸከመው ክብደትና የሚወርደው ከባዱ ቁልቁለት ይታወቃል፤ ከዚያም ለዚያ ቁልቁለት የሚያስፈልገው ዝቅተኛው ጠቅላላ ውጤት ይወሰናል። የሜዳው ፍጥነት የሚታየው ይህ ከተጠበቀ በኋላ ነው። ከፍጥነቱ የጀመረ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያልቀው በፍሬን ነው።

በዚህ ስሌት ውስጥ ጎማው ሊዘነጋ አይገባም። 6.00 በ16 ጎማ አንድ ጊዜ ሲዞር 2.25 ሜትር ያህል ይሄዳል። በ7.50 በ16 ሲተካ የጉዞው መጠን ከ8 እስከ 9 ከመቶ ይጨምራል፤ ይህም 4.7ን ወደ 4.3 እንደ መለወጥ ያለ ነው። ስለሆነም ትልቅ ጎማ ያስገባ ባለንብረት ሳያውቀው ምጥጥኑን አንድ ጊዜ ለውጧል። በዚያ ላይ 3.54 ቢጨምር ለሁለተኛ ጊዜ መለወጡ ነው።

እንደ ሥራው ዓይነት ምርጫው ይለያያል። በዋናው ሞተሩ ደጋና ቆላ እያቋረጠ ጭነት የሚያመላልስ መኪና 4.7ቱን ይዞ ቢቆይ፣ ፍጥነት ካስፈለገም ኦቨርድራይቭ ቢጨመርለት ይሻላል። የበረታ ሞተር ገብቶለት በአብዛኛው በሜዳማ አገር በአስፋልት ለሚሄድ፣ ቀላል ጭነትም ለሚይዝ 3.54 ተገቢ ሊሆን ይችላል። በሁለቱ መካከል ለሚገኘው ደግሞ በኋላ ዘመን ልዩ ልዩ ሠሪዎች ያወጧቸው 4.1ን የመሳሰሉ አማካኝ ምጥጥኖች አሉ። በ4.1 ዝቅተኛው ውጤት 35.5 ገደማ ሲሆን፣ በ3,000 ዙር የሚገኘው ፍጥነት በሰዓት 94 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከሁለቱም ወገን ጥቂት የሚከፈልበት፣ ከሁለቱም ጥቂት የሚገኝበት ነው።

የትኛውም ቢመረጥ የፊቱና የኋላው አክስል አንድ ምጥጥን ሊኖራቸው የግድ ነው። በላንድሮቨር ላይ የፊቱ አክስል ካልተያያዘ ልዩነቱ አይሰማም፤ መኪናው ለወራት ያለ ችግር ሊነዳ ይችላል። ነገር ግን ሾፌሩ ሪዶታ ያስገባ ዕለት አራቱም ጎማዎች በአንድ ላይ ይያያዛሉ። የፊቱ 3.54፣ የኋላው 4.7 ከሆነ የፊት ጎማዎች ከኋለኞቹ በሲሶ ያህል ፈጥነው ለመዞር ይታገላሉ። በጭቃ ላይ ጎማው እየተንሸራተተ ትግሉን ያስታግሠዋል፤ በደረቅ ድንጋይ ላይ ግን ዘንግ ወይም ጥርስ ይሰበራል። የሚሰበረውም መኪናው ለኃይል በተፈለገበት፣ ከሰው በራቀበት ቦታ ነው።

የሲሪስ ላንድሮቨር ሥራ በ1985 ካቆመ፣ የእርሱም ተከታይ የሆነው አሮጌው ዲፌንደር ጥር 29 ቀን 2016 በሶሊሁል የመጨረሻው ከወጣ ዓመታት አልፈዋል። በሥራ ላይ ያሉት ቀሪዎች ከአንድ እጅ ወደ ሌላ እጅ፣ ከአንድ ጋራዥ ወደ ሌላ ጋራዥ ተላልፈዋል። የ4.7ና የ3.54 ዲፍሬንሻል በውጭ መልኩ አንዱ ከሌላው እምብዛም አይለይምና፣ ቀድሞ ምን እንደ ገባ ሳያጣራ አዲስ የሚገጥም መካኒክ በጨለማ ውስጥ እንደሚሠራ ይቆጠራል። ማጣሪያው ግን ቀላል ነው። ሁለቱ የኋላ ጎማዎች ከመሬት ተነሥተው፣ መኪናውም በሚገባ ተደግፎ፣ ጎማዎቹ እኩል አንድ ሙሉ ዙር ሲዞሩ የማስተላለፊያው ዘንግ ስንት ጊዜ እንደሚዞር በኖራ ምልክት ይቆጠራል። ከአራት ተኩል ካለፈ 4.7 ነው፤ ሦስት ተኩል ከሆነ 3.54 ነው። የፊቱም በዚሁ ዓይነት ይቆጠራል። ከዚያም የተገኘው ቁጥር፣ የጎማው ልክና ሥራው የተሠራበት ቀን በመኪናው መዝገብ ላይ ይጻፋል። ቀጥሎ ያንን አክስል የሚፈታው ባለሙያ ሌላ ሰው ነውና።